ያልተሰየመው ኮሚቴ፦ በኢትዮጵያ የኩላሊት እጥበት ዕድልን የሚወስነው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ሥራ የጀመረው የሰው ሠራሽ ኩላሊት ማዕከል ከአቅሙ በላይ ታካሚ ስለነበረበት፣ ምርጫውን ለሰባት ሰዎች ኮሚቴ ሰጠ። አባላቱ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የባንክ ባለሙያ፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ ስማቸው ለሕዝብ አይገለጽም ነበር። ሐኪሞች በሕክምና ረገድ ብቁ ናቸው ካሏቸው ሰዎች መካከል ማን እጥበት እንደሚያገኝና ማን እንደሚቀር የወሰነው ይህ ኮሚቴ ነው። የአመልካቹ ሥራና ገቢ፣ የትዳሩ ሁኔታ፣ በቤተ ክርስቲያን ያለው ተሳትፎ ሳይቀር ይመዘን ነበር። ላይፍ የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ጉዳዩን ይፋ ሲያደርገው የተነሣው ክርክር ለዘመናዊው የሕክምና ሥነ ምግባር ጥናት መነሻ ከሆኑት አጋጣሚዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አልተሰየመም ማለት ምርጫ አይካሄድም ማለት አይደለም። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሰዎች መካከል እጥበት የሚጀምሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከጀመሩትም የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው። ማን እንደሚጀምርና ማን እንደሚቀጥል የሚለየው በአመዛኙ የሕመሙ ጠባይ አይደለም። የቤተሰቡ ገንዘብ፣ የመኖሪያው ርቀት፣ ኩላሊት ሊለግስ የሚችል ዘመድ መኖር አለመኖሩ፣ የእርዳታ ጥሪውን የሰማው ሰው ብዛት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ እጥረቱ እስካለ ድረስ ምርጫው አይቀርም። የማይቀር ከሆነ ደግሞ በገንዘብና በአጋጣሚ ከሚፈጸም ይልቅ በግልጽ በተጻፈ፣ በሕክምና መስፈርት ላይ በቆመና ሕዝብ ሊጠይቅበት በሚችል ደንብ ሊመራ ይገባል።

መሣሪያው የሚጠይቀው

እጥረቱ መሣሪያ በመለገስ ብቻ የሚቃለል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አዲስ የእጥበት ክፍል ሲመረቅም ቀድሞ የሚነገረው የመሣሪያው ቁጥር ነው። የሕክምናው ጠባይ ግን ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ለሰውነት መልሰው በሽንት የሚያስወግዱት ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ይህንንም በሳምንት 168 ሰዓት ያለ ዕረፍት ያከናውናሉ። በተለመደው ሥርዓት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት የሚታጠብ ሰው ግን ደሙ የሚጣራው 12 ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ ውኃ፣ ፖታሲየምና የምግብ ተረፈ ምርት በሰውነቱ ይጠራቀማል። ስለዚህ እጥበት ኩላሊትን የሚፈውስ ሕክምና ሳይሆን ሥራውን በከፊል የሚተካ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ የተንጠለጠለ ድጋፍ ነው። በአግባቡ ከተሰጠ ግን ዕድሜ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በሲያትል የጀመሩት የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ታካሚ ክላይድ ሺልድስ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ያህል ኖሯል።

አንድ መሣሪያ በቀን በ3 ፈረቃ በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ 18 እጥበት ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ታካሚ በሳምንት 3 ጊዜ ከተሰጠ 6 ሰው፣ 2 ጊዜ ከተሰጠ 9 ሰው ያስተናግዳል። 10 መሣሪያ ባለው ክፍል ልዩነቱ በ60 እና በ90 ሰው መካከል ነው። ለእነዚህ 30 ሰዎች ቦታ ለመክፈት የሌሎቹ 60 ሰዎች ሕክምና በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። በሳምንት 2 ጊዜ መታጠብ ሽንታቸው ገና ላልተቋረጠና ኩላሊታቸው ጥቂት አቅም ላለው ሰዎች ሊበቃ ይችላል። ሽንታቸው ጨርሶ ለቆመ ሰዎች ግን የ3 እና የ4 ቀን ክፍተቱ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ታካሚዎች ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት በሳምንት 3 ጊዜ በሚታጠቡት ዘንድ እንኳ ሞት የሚበረክተው ረጅሙን የሳምንቱን ክፍተት ተከትሎ በሚመጣው ቀን መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «ሁለት ወይስ ሦስት» የሚለው ጥያቄ በመርሐ ግብር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ በሕይወት መካከል የሚደረግ ምርጫ ነው።

ከመሣሪያው በስተጀርባ ደግሞ አላቂ ዕቃ አለ። እያንዳንዱ እጥበት ማጣሪያ፣ የደም መተላለፊያ ቱቦ፣ ሁለት መርፌ፣ የአሲድና የባይካርቦኔት ውህድ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ይፈልጋል። 10 መሣሪያ በሳምንት 180፣ በዓመት 9,360 ጊዜ ያጥባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ውኃውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር የማጠቢያ ፈሳሽ የሚያልፍበት የ4 ሰዓት እጥበት 120 ሊትር የተጣራ ውኃ ይጨርሳል፤ ይህን ለማግኘት የሚገባው የቧንቧ ውኃ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ታካሚው በሳምንት 360 ሊትር ውኃ ከደሙ ጋር በቀጭን ሽፋን ብቻ ተለይቶ ያልፋልና የውኃው ጥራት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በአልጌ መርዝ የተበከለ ውኃ በአንድ የእጥበት ማዕከል ከ50 በላይ ታካሚዎችን ገድሏል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራቱ በሚቆራረጥበት ከተማ መሣሪያ መትከል የሥራው መጀመሪያ እንጂ ማለቂያ አይደለም። እጥረቱም በአንድ የበጀት ዓመት የሚወገድ አይደለም።

ኪስ፣ መንገድ፣ ዘመድና ጥሪ

እጥረቱ እንዲህ ሥር የሰደደ ከሆነ ያልተሰየመው ኮሚቴ በምን መስፈርት እንደሚመርጥ መመርመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መስፈርት ኪስ ነው። በግል ማዕከላት የሚከፈለው ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲታይ የሚቻል ሊመስል ይችላል። በሳምንት 3 ጊዜ ማለት ግን በዓመት 156 ጊዜ ማለት ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ጥሪቱን፣ ቀጥሎ ከብቱን ወይም ቤቱን ይሸጣል፤ ሦስት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ወደ ሁለት፣ ሁለት የታዘዘለት ወደ አንድ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሕክምናውን መጠን የሚወስነው የላቦራቶሪ ውጤት መሆኑ ይቀርና የወሩ ገቢ ይሆናል።

ሁለተኛው መስፈርት መንገድ ነው። የእጥበት አገልግሎት በዋነኛነት በአዲስ አበባና በትልልቅ የክልል ከተሞች የተሰበሰበ በመሆኑ፣ ከወረዳ የመጣ ታካሚ ማረፊያ ተከራይቶ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። እርሻውን ወይም ሥራውን ሲተው ለሕክምናው የሚከፍልበት ምንጭ ይደርቃል። አስታማሚ ሆኖ የመጣው ልጅ ወይም ወንድም ሥራም አብሮ ይቋረጣል።

ሦስተኛው መስፈርት ዘመድ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በአገር ውስጥ የማይቻል ይመስል የነበረውን ነገር እንዲቻል አድርጓል። ንቅለ ተከላው የተመሠረተው ግን በሕይወት ካለ ዘመድ በሚገኝ ልገሳ ላይ ነው። ወንድምና እኅት የሌለው፣ ወይም ዘመዶቹ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ሰው በሩ ክፍት ቢሆንም መግባት አይችልም።

አራተኛው መስፈርት ጥሪ ነው። የታካሚ ፎቶ የተለጠፈበት ተሽከርካሪ በድምፅ ማጉያ ወገን እንዲደርስ ሲለምን መስማት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የሥራ ባልደረባውና በውጭ አገር ያለው ዘመድ ያዋጣል። ይህ ደግነት ሊከበር እንጂ ሊነቀፍ አይገባም። ሁለት ጉድለት ግን አለበት። መዋጮ የአንድ ጊዜ ሲሆን እጥበት የየሳምንቱ ነው። ከዚህም በላይ ጥሪው የሚሰማው ወጣቱ፣ የተማረው፣ ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው ነው፤ በገጠር ቀበሌ ያለች፣ ስልክ የሌላት አሮጊት ጥሪ ሳይሰማላት ታልፋለች። የሲያትሉ ኮሚቴ በማኅበራዊ ደረጃ መዝኗል ተብሎ ተወቅሷል። ያልተሰየመው ኮሚቴም በዚያው ሚዛን ይሠራል፤ ልዩነቱ ተጠያቂ የሚሆን አባል የሌለው መሆኑ ነው።

ሕጉም ለዚህ ክፍተት አስተዋጽኦ አለው። የማኅበራዊ ጤና መድኅን ዐዋጅ ቁጥር 690/2002ን ለማስፈጸም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005 በመድኅኑ የማይሸፈኑ አገልግሎቶችን ሲዘረዝር የአካል ንቅለ ተከላን፣ እንዲሁም ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በስተቀር የኩላሊት እጥበትን አካትቷል። የደንቡ አርቃቂዎች ያሳሰባቸው የፈንዱ አቅም እንደሆነ መገመት ይቻላል። ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም። ውጤቱ ግን ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትን ሰው ከጋራ ቋት አውጥቶ ለየብቻ መለመን መተው ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል የመድኅንን ሐሳብ ከማንኛውም ትርጓሜ በተሻለ ይገልጻል። ደንቡ ሃምሳውን ሎሚ ለአንዱ መልሶ አሸክሟል።

ሌሎች አገሮች የሄዱባቸው መንገዶች

አሜሪካ የሲያትልን ዓይነት ምርጫ ያስቀረችው በገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕግ የኩላሊት መድከም ሕክምናን በሜዲኬር ሥር አደረገው፤ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ታካሚ ማለት ይቻላል በመንግሥት ወጪ መታጠብ ጀመረ። ይህ መንገድ ለሀብታም አገርም ከባድ ሸክም ሆኖ ቆይቷልና ኢትዮጵያ ነገ ልትከተለው ትችላለች ብሎ መናገር ለታካሚዎች ሐሰተኛ ተስፋ መስጠት ነው።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 በጤና ሽፋኗ ውስጥ እጥበትን ስታካትት ቅድሚያ የሰጠችው በሆድ ዕቃ ሽፋን በኩል በቤት ውስጥ ለሚደረገው እጥበት ነበር። ይህ ዘዴ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያና መሣሪያ ስለማይፈልግ ከከተማ ለራቀ ሰው ይስማማል። የማጠቢያ ፈሳሹን ከረጢት ያለማቋረጥ ማቅረብንና ኢንፌክሽንን የሚከላከል ንጽሕናን ግን ይጠይቃል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫውን ለታካሚው ክፍት አድርጋለች። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንዱ ዘዴ ከሌላው ይበልጣል የሚል አይደለም፤ መንግሥት ምን ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ መናገር መቻሉ ነው።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሱብራሞኒ የተባሉ የደርባን ነዋሪ እጥበት ስለተከለከሉ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ጠቅሰው ከሰሱ። አዲንግተን ሆስፒታል የነበረው 20 መሣሪያ ሲሆን ከፊሉም ያረጀ ነበር። በመመሪያው መሠረት ቅድሚያ የሚሰጠው ኩላሊታቸው ሊያገግም ለሚችልና ለንቅለ ተከላ ብቁ ለሆኑ ሰዎች ነው። የልብና የደም ሥር ሕመም የነበረባቸው ከሳሽ በመስፈርቱ አልገቡም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መመሪያው ምክንያታዊ ነው፣ ያለ አድልዎም ተፈጽሟል ሲል ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ሰውዬውም ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ፍርዱ የሚያሳዝን ነው። ሆኖም ለተከለከሉት ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ነበራቸው፦ የተጻፈ መስፈርት፣ መልስ የሰጠ ተቋም፣ አቤት የሚሉበት ችሎት። በብር እጦት እጥበቱን ያቋረጠ ኢትዮጵያዊ ከሦስቱ አንዱም የለውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብትን ይደነግጋል። ለጤና የሚመደበውን ሀብት በየጊዜው የማሳደግ ግዴታንም በመንግሥት ላይ ይጥላል። እኩልነቱ ለሁሉም ይዳረስ ከሚባልበት ቀን በፊትም ትርጉም አለው፤ ያለው ጥቂት ነገር በምን ሥርዓት ይከፋፈላል የሚለውን ይመለከታልና።

በግልጽ የተጻፈ ተራ

ሊወጣ የሚገባው ደንብ በአራት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰበት ሰው በሪፈራል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ቅድመ ክፍያ መታጠብ ይኖርበታል። በወሊድ ጊዜ ደም የፈሰሳት እናት፣ በወባ፣ በተቅማጥ ወይም በመድኃኒት መርዝነት ኩላሊቱ የተጎዳ ወጣት ለጥቂት ሳምንታት ከታገዘ ኩላሊቱ ሊመለስ ይችላል። ከአንድ ብር ትልቁ የሕይወት ትርፍ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ደንብ ቁጥር 271/2005ም ይህን አልከለከለም።

ሁለተኛ፣ የተመረመረ ለጋሽ ያላቸውና ለንቅለ ተከላ ብቁ የሆኑ ሰዎች እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን በሳምንት 3 ጊዜ እንዲታጠቡ ዋስትና ሊሰጣቸው ይገባል። አንድ ቦታ በ6 ወር ከተለቀቀ በዓመት 2 ሰው ያስተናግዳል። ለዚህ ግን የንቅለ ተከላ ማዕከላት ቁጥር መጨመርና ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰደው መድኃኒት በመድኅን መሸፈን አለበት፤ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ኩላሊቱን አጥቶ ወደ እጥበቱ ወንበር ይመለሳልና።

ሦስተኛ፣ የቀሩት ታካሚዎች በሕክምና መስፈርት ከተለዩ በኋላ በምዝገባ ተራ ይስተናገዱ። ሥራ፣ ትምህርት፣ የቤተሰብ ብዛትና ዝና ከመስፈርቱ ውጭ ይሁኑ፤ የሲያትል ስሕተት መደገም የለበትም። የእጥበቱ ቁጥርም በኪስ ሳይሆን ኩላሊቱ በቀረው አቅም ይለካ። ሽንቱ ያልተቋረጠ ሰው በ2 ይጀምር፣ በየጊዜው እየተመረመረ ወደ 3 ይደግ።

አራተኛ፣ ተራው ያልደረሰው ወይም በመስፈርቱ ያልገባ ሰው ሊጣል አይገባም። የትንፋሽ እጥረትን፣ ማሳከክን፣ ሕመምንና የሰውነት እብጠትን የሚያስታግስ ሕክምና ያለ እጥበትም ሊሰጥ ይችላል። ለቤተሰቡ እውነቱን በጊዜ መንገር፣ ያለውን ጥሪት ሁሉ ለጥቂት ሳምንት እጥበት እንዳያጠፋ ማማከርም የሕክምናው አካል ነው። ውሳኔው በጽሑፍ ሊሰጥ፣ በየተወሰነ ጊዜ ሊከለስና ከሆስፒታሉ ውጭ ባለ አካል ፊት ይግባኝ ሊባልበት ይገባል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ገንዘቡ ለመከላከል ይዋል የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። ደም ግፊትና ስኳር ለኩላሊት መድከም ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው። በጤና ጣቢያ የሚደረግ የግፊት ልኬት፣ የሽንት ፕሮቲንና የክሪያቲኒን ምርመራ ብዙ ሰው እጥበት ላይ ሳይደርስ ሊያስቀር ይችላል። ነገር ግን መከላከል ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚታይ ነው፤ ዛሬ ኩላሊቱ ለቆመው ሰው መልስ አይሆንም። ደግሞም በጊዜ የተገኘ ታካሚ እጥበት ቢያስፈልገው እንኳ በክንዱ ላይ የደም ሥር ፊስቱላ ተሠርቶለት፣ ለመብሰል የሚወስደውን ሳምንታት ጠብቆ ይጀምራል። በመጨረሻው ሰዓት የመጣው ግን በአንገቱ በገባ ቱቦ ይጀምራል፣ ኢንፌክሽንም ያሰጋዋል። መከላከልና እጥበት የአንድ መሥመር ሁለት ጫፎች እንጂ ባላንጣዎች አይደሉም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የኩላሊት ጤናን ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ቁጥጥር ውስጥ የሚያስገባ ውሳኔ ማጽደቁም ሁለቱን አብሮ ለማቀድ አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። ማን እንደሚቀር በወረቀት መጻፍ ሐኪሙን ፈራጅ ያደርገዋል፣ ለታካሚውም ጭካኔ ነው ይባላል። ዛሬ ግን ሐኪሙ ከዚህ ሸክም አልዳነም። ለታካሚው «ሦስት ጊዜ ያስፈልግሃል» ብሎ ካዘዘ በኋላ መቼ እንደሚቀር እየጠበቀ ብቻውን ይሸከመዋል። የተጻፈ ደንብ ሐዘኑን አያስቀርም፤ ሸክሙን ግን ከአንድ ሐኪምና ከአንድ ቤተሰብ ጫንቃ ወደ ኅብረተሰቡ ያሻግራል። ጎደሎው በይፋ ሲታወቅም በጀት ለሚመድበው አካል ጥያቄው በቁጥር ይቀርብለታል፤ ተራ የያዙት ስንት ናቸው፣ ተራው ሳይደርስ የሞቱትስ?

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት በ2010 በዓለም ዙሪያ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የኩላሊት ምትክ ሕክምና ማግኘታቸውን፣ ቢያንስ 2.28 ሚሊዮን ሰዎች ግን ይህን ባለማግኘት ያለ ዕድሜያቸው ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ግምቱ ትልቅ ትኩረት የሳበው ከወንበሩ ውጭ ያሉትንም በመቁጠሩ ነው። በአገር ውስጥ የሚደረጉ የምረቃ ጥናቶች በአብዛኛው ናሙናቸውን የሚወስዱት በእጥበት ክፍል ከተገኙት ታካሚዎች ነው። የእነዚህ ሰዎች የኑሮ ጥራት፣ የደም ማነስና የሕክምና እርካታ መጠናቱ ተገቢ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ናሙና ያልተሰየመውን ኮሚቴ ያለፉትን ብቻ ይዟል።

ስለዚህ በሕክምና፣ በሕግ፣ በጤና ኢኮኖሚክስና በማኅበራዊ ሥራ ዘርፍ ለሚገኙ ተመራማሪዎች የቀረበው ሥራ ግልጽ ነው። ኩላሊታቸው መድከሙ ከተነገራቸው ሰዎች ስንቶቹ እጥበት ጀመሩ? ከጀመሩት በ90ኛው ቀንና በአንደኛው ዓመት በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? ካቋረጡት መካከል በገንዘብ፣ በርቀት፣ በዕቃ እጥረት የቀሩትስ? እያንዳንዱ የእጥበት ክፍል፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ እነዚህን ጥቂት ቁጥሮች በየዓመቱ እንዲያሳውቅ ቢገደድ የመሣሪያ ቆጠራው ቦታውን ለሰው ቆጠራ ይለቃል። ደንብ የሚያወጣው አካልም ተራውን ሲጽፍ የሚመሠረትበት መረጃ ያገኛል።